ከኋላ የተደበቀችው መስኮት

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉኛል፤ እኔም «ገና ነው አባ» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጡኝ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሌላው ኃጢአቴ ያልፋሉ።

ነገሩ የሆነው መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት፣ ግምገማ ቀን ተቆርጦለት በሚካሄድበት ዘመን። የገበሬውን የመሬት ይዞታ በኮምፒዩተር በሚመዘግብ አንድ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ገበሬው ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይመጣል፣ ከፊቴ ይቀመጣል፣ እኔ አነብና እጽፋለሁ። ስሙን፣ የሚስቱን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ ከዚያ አዋሳኞቹን፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በደቡብ መንገድ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እጄን በየመሐሉ እፍ እያልኩ፣ በቀን የሃያ ሰው ደብተር እጨርስ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ራሴ ካልተናገርኩት የሚናገርልኝ የለም።

ያ ሰውዬ የኮምፒዩተር ባለሙያችን ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ወጣት። የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፣ ፍላሹን በክር አድርጎ እንደ ማተብ በአንገቱ ያንጠለጥላል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒዩተሮቻችን በዊንዶውስ ይሠሩ ነበር፤ ግን ቫይረስ ጨርሷቸው አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛ ነበር። እሱ ሁሉንም ጠረገና ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ጫነባቸው። ችግሩ፣ የምንመዘግብበት ፕሮግራም የተጻፈው ለዊንዶውስ መሆኑ ነው። ሊኑክስ ላይ እንግዳ ነው፤ ቤቱንም አያውቅም፣ ቋንቋውንም አይሰማም። ስለዚህ በሁለቱ መሐል ቆሞ የሚያግባባ ሌላ ፕሮግራም አስገባ። እኛ አስተርጓሚው እንለው ነበር። ቫይረሱ ጠፋ። ባለሙያውም በዓመቱ መጨረሻ ሞዴል ሠራተኛ ተብሎ ተሸለመ፤ ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው። እውነቱን ለመናገር ይገባው ነበር። እኔም ከሁሉ አስበልጬ አጨብጭቤለታለሁ፤ ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አስተርጓሚው ፕሮግራሙን አስነሣው እንጂ መስኮቶቹን ሥርዓት ማስያዝ አልቻለም። ትልቁ የመመዝገቢያ ቅጽ ስክሪኑን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሞላዋል። አዋሳኝ የሚጻፍባት ሌላ አነስ ያለች መስኮት አለች። አንድ ሰው ተመዝግቦ ሲያልቅ ደግሞ «ይቀመጥ ወይስ ይቅር?» ብላ የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ትወጣለች ማለቴ ነው። አንዳንድ ቀን ከትልቁ ቅጽ ፊት መውጣቷ ቀርቶ ከኋላው ትሆናለች፤ እኛ አናያትም። እሷ ካልተመለሰላት ደግሞ ትልቁ ቅጽ አንድ ፊደል አይቀበልም። እኛ የምናየው የደረቀ ቅጽ ብቻ ነው። «ስታክ አደረገ» እንላለን፤ ገበሬው ደብተሩን እንደያዘ ያፈጥብናል።

አንድ ቀን ምን እንደሆነ ገባኝ። ፕሮግራሙ ሊዘጋ ሲል ለዓይን ጥቅሻ ያህል ትልቁ ቅጽ ጠፋና የጥያቄዋን ጫፍ ከኋላ አየሁ። ሮጬ ሄጄ ነገርኩት።

«አንዲት መስኮት ከኋላ ትደበቃለች፤ እሷ መልስ ስትጠብቅ ነው እኛን የምታቆመን» አልኩት።

ወንበሩን እንኳ አላዞረም። «ኮምፒዩተር ላይ የሚደበቅ ነገር የለም እህቴ። አንቺ ስለማታይው ነው» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰው ሲያፍር የሚስቀውን ሳቅ።

ከዚያ በኋላ ሳምንትም አልቆየ፣ ለምሳ ልንወጣ ስንል ቅጹ ደረቀ። ሌሎቹ ወጥተዋል። ጠራሁት። ምሳው ቀርቦበት ኖሮ እየተነጫነጨ መጣ፤ ኪቦርዱን ደበደበው፣ ማውሱን አሽከረከረው፣ ከዚያ በገዛ ጣቱ የማሽኑን ማብሪያ ተጭኖ ድርግም እስኪል ያዘው። «ተነሺ እንብላ» ብሎኝ ሄደ። ከሰዓት ስንከፍተው መዝገቡ ተበላሽቷል። የሦስት ቀበሌ ገበሬ፣ የወራት ሥራ፣ እንዳልነበረ ሆነ። ቅጂ ይኖረዋል ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

ግምገማው በዚያው ሳምንት ሆነ። ኃላፊያችን ቀድሞ መምህር የነበሩ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «መዝገቡ እንዴት ጠፋ?» ብለው ጠየቁ። እሱ ተነሣ። ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ሠራተኛዋ ትዕግሥት በማጣት ማሽኑን በኃይል ዘግታዋለች። ደጋግሜ አስጠንቅቄያት ነበር» አለ። ዓይኑን ወደኔ አዞረ እንጂ አልሰበረውም።

እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት የዚያ ዘመን ሰው ካልሆነ ሌላ የሚገባው አይመስለኝም። ግምገማ ላይ የሚከራከር ሰው ቀኑ አይመሽለትም። አንድ ሰው ሂስ ሲሰነዘርበት እንቢ ካለ፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው የአምናውን ያነሣበታል፤ «ሂስ አልቀበልም ባይ» የሚባለው ደግሞ ከጥፋቱ የባሰ ጥፋት ነበር። ከተቀበለ ግን በቃ፣ ይቀመጣል፤ ወደሚቀጥለው ሰው ይታለፋል። ሁላችንም ያላጠፋነውን ስንቀበል ኖረናል። አርፍደሻል ሲሉኝ ሳላረፍድ ተቀብያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ እጄን ቆንጠጥ አድርጋ «ተቀበይና ይለቁሻል» አለችኝ። ተነሣሁና «ሂሱን ተቀብያለሁ፣ አርማለሁ» አልኩ። ተቀመጥኩ።

አልለቀቁኝም። ያ ቃል በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ቃለ ጉባኤው ከፋይሌ ጋር ተያያዘ፤ «በራሷ አንደበት ያመነች» ተብሎ ከምዝገባ ክፍል ተነሥቼ መዝገብ ቤት፣ ከአሮጌ ፋይልና ከአይጥ ጋር ተመደብኩ። ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። ጽሑፌ ቆንጆ ነዋ።

ይህን ሁሉ እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአባቴን ነው። አባቴ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ፣ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ደብተራቸው ከጠፉት መሐል ነበር። ገብሱ አጨዳ ላይ እያለ የሦስቱ ቀበሌ ሰው እንደገና ና ተባለ። ሰልፉ ከግቢው በር ውጭ ደረሰ። ባለሙያው በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ ጮክ ብሎ፣ «ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ አንዲት ሠራተኛ በቸልተኝነት ያጠፋችው ነው፤ እሷም አምናለች፣ እርምጃ ተወስዷል» አለ። ስሜንም ጨመረ። አባቴ ሰልፉ ውስጥ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የጎረቤታቸው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ሁሉንም አይቻለሁ። አባቴ ተራቸው እስኪደርስ ቆሙ፣ ተመዘገቡ፣ እኔን ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

በእሑዱ ቤት ስሄድ፣ «እውነት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለም አባዬ። እሱ ነው ያጠፋው።»

«ታዲያ ለምን አመንሽ?»

ግምገማ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሁሉም እንደሚቀበል ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። «እኔ በማኅበር ላይ ጠበል ጠዲቅ ስቀምስ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው። ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ ማለት ምን የሚሉት ትሕትና ነው?» አሉኝ። ያን ቀን ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰውዬ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ተዋርዶ ማየት።

መዝገብ ቤቱ ጥግ ላይ ከምዝገባ ክፍል የተጣለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። ፕሮግራሙም አስተርጓሚውም እንዳሉ ነበሩበት። ከፋይሉ ሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። የሌለ ገበሬ ፈጥሬ እመዘግባለሁ፣ ለሌለው ገበሬ የሌለ አዋሳኝ እሰጠዋለሁ፣ ቅጹ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። በደረቀ ቁጥር አንዱን ቁልፍ ከሌላው ጋር እየያዝኩ እሞክራለሁ። አንድ ቀን አልት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኜ ቅጹን በማውስ ስጎትተው ትልቁ መስኮት ወደ ጎን ተንሸራተተ። ከሥሩ ያቺ ትንሽ ጥያቄ ቁጭ ብላለች፤ «ይቀመጥ ወይስ ይቅር?» «ይቀመጥ» ስላት ቅጹ ነፍስ ዘራ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ብቻዬን አለቀስኩ። ሁለት ጣት የሚበቃው ነገር ነበር እኔን ያዋረደኝ።

ለምን እንደምትደበቅ ለማወቅ ግን ከወር በላይ ፈጀብኝ። አስተርጓሚው የራሱ የማስተካከያ ገጽ አለው። እንግሊዝኛውን በተማሪነቴ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኩት። አንዲት ሳጥን አለች፤ ምልክት ከተደረገባት መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ ይሆናል፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን ባለቤቱ ይወስናል ማለት ነው። ምልክቱ ሲነሣ ግን እንግዳው ፕሮግራም በሰው ቤት እንደፈለገው ይሆናል። እንዲህ ያለው ሳጥን ከመጀመሪያው ምልክት ያለበት ሆኖ ነው የሚመጣው። ያነሣው ሰው አለ ማለት ነው። ለምን እንዳነሣውም ገባኝ፤ ምልክቱ ሲኖር በቅጹ ዙሪያ ጠርዝ ይመጣል፣ ሲነሣ ቅጹ ስክሪኑን ሞልቶ ያምራል። ለጉብኝት ያምራል። ሰውዬው ለማማር ብሎ ነበር።

ምልክቱን መለስኩት። ጥያቄዋ ከፊት መውጣት ጀመረች፤ የአዋሳኟ መስኮት ግን ሌላ ነገር ነክቼ ስመለስ አሁንም ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር። ሁለተኛ ሳጥን አገኘሁ፤ የእንግዳውን ፕሮግራም መስኮቶች ሁሉ በአንድ ትልቅ ፍሬም ውስጥ የሚያስቀምጥ። ከፍሬሙ መውጣት የለም። መጀመሪያ ፍሬሙን ከስክሪኑ አስበልጬው የታችኞቹ ቁልፎች ከጠርዙ በታች ወደቁ፣ አልታዩም። ልኩን ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ አስተካከልኩት። ከዚያ አንድ መቶ የውሸት ገበሬ መዘገብኩ። አንዴም አልደረቀም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መዝገብ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር በወረዳው ብቸኛው ጤነኛ ማሽን ሆኖ፣ እኔም ብቸኛዋ የምታውቅ ሆኜ ከረምን። በየመተላለፊያው ሳገኘው «እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ። በደስታ ነበር የምጠይቀው።

ቀኑ መጣ። ከራቤልና ከሌሎች ከተሞች ባለሙያዎች ለተሞክሮ ልውውጥ መጡ። አዳራሹ ሞላ፤ ፕሮጀክተር ተተከለ፤ እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ ከፊት ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለማሳያ ብሎ በእውነተኛው መዝገብ ላይ የአንድ ሰው ደብተር መዘገበ፣ አዋሳኞቹን ጻፈ፣ ጨረሰ። ከዚያ ቅጹ ደረቀ። ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ ሁሉ ሰው እያየው።

ቁልፍ ነካካ። ሳቅ አለ። «አንድ ጊዜ ይቅርታ» አለ። ቁልፍ ደበደበ። የራቤሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከእኔ እስከ ኪቦርዱ አራት እርምጃ ነው፤ ተነሥቼ አልትን ይዤ ቅጹን ብጎትተው ያልቅ ነበር። እጆቼን በነጠላዬ ውስጥ አጣጠፍኩ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ፣ በዚያ ብርድ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። ማሽኑ ሲነሣ መዝገቡ አልተከፈተም። ከበፊቱ ተምሮ በየዓርቡ ቅጂ ይይዝ ስለነበር የጠፋው የአንድ ሳምንት ምዝገባ ነው። በዚያ ሳምንት የተመዘገቡትም ሰዎች ዳግመኛ በእግራቸው መጥተዋል፣ በእኔ ዝምታ ምክንያት። እሱን አልክድም።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። እሱ ግን እንደ እኔ አልተቀበለም። ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ፤ «የጥያቄ መስኮት ከቅጹ ኋላ እየተደበቀች ነው። ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ማሽን የሚያቆመው እሱ ነው፣ የሰው ጥፋት አይደለም። እሷ ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ትጠየቅ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እስቲ ልጄ፣ ይህ እውነት ነው?»

ሁሉም ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ይታየኝ ነበር። አዎ ብል የእኔም ጉዳይ አብሮ ይነሣል፤ መዝገቡ በእኔ ቸልተኝነት እንዳልጠፋ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ አባቴ በማኅበራቸው ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ግን እሱም ይድናል። ተመለከትኩት። የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበር፤ «ያን ቀንም ማሽኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ» የምትል። ያቺን ቢጨምር እምላለሁ፣ እነሣለት ነበር። ከንፈሩን አየሁ። አልጨመረም። ራሱን የሚያድንበትን ያህል እውነት ቆርጦ ተናገረ፣ የተረፈውን ዋጠው።

«እኔ የተነገረኝ ኮምፒዩተር ላይ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ነው» አልኩ። «ከዚያ ውጭ የማውቀው የለኝም።»

ከዚያ በኋላ አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ጨመረ፣ ሦስተኛው የሽልማቱን ነገር አነሣበት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልለቀቁትም። በመጨረሻ ድምፁ ተሰብሮ «ተቀብያለሁ» አለ። እኔም በቆንጆ ጽሑፌ ጻፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። የጻድቅ ደስታ ነበር አልልም፤ ግን ደስታ ነበር። ሰርተፍኬቱን ከግድግዳው አውርዶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ወደ ቆላ ተዛውሮ ሄደ።

ከሄደ በሳምንቱ፣ ሠራተኛው ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ በምዝገባ ክፍል ያሉትን ማሽኖች ሁሉ አስተካከልኩ። ገበሬዎቹ አሳዘኑኝ፤ ማሽኖቹም ደክሟቸው ነበር። ምልክቱን መለስኩ፣ ፍሬሙን ለካሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱም አልደረቀ። አዲስ ባለሙያ ተመደበ፤ ኃላፊያችንም በስብሰባ ላይ «እሱ ከመጣ ወዲህ ችግሩ ቀረ፤ የሰው እንጂ የማሽን ችግር እንዳልነበረ ተረጋገጠ» ብለው አመሰገኑት። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን ቤት ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። የዚያን ሰውዬ ውርደት ስተርክ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ስጨርስ፣ «ደግ። እሱ ከሄደ አሁን ሂጂና ለኃላፊው ያቺን የምትደበቅ መስኮት አሳያቸው። ስምሽ ይመለስ» አሉኝ።

«የሚታይ ነገር የለም አባዬ። አስተካክዬዋለሁ።»

«መልሰሽ አበላሽተሽ አሳያቸዋ።»

«መደበቅም ማውጣትም የምታውቅ ከሆነ፣ ሁለቱንም ጊዜ የደበቀችው እሷ ናት ነው የሚሉኝ። አላውቅም ብዬ ደግሞ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ።»

ከውጭ በጎቹ ሲገቡ ይሰማል። «እንግዲያ የማውቅልሽ እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝ።

አባቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው።